ኤክስ-ፕሌን 11 በድሮ ዴስክቶፕ ላይ ሲንቀራፈፍ፦ መጀመሪያ የደከመውን ለዩ

በኮምፒውተር አውሮፕላን የሚበረርበት ሲሙሌተር ኤክስ-ፕሌን 11 ሲጎተት አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያደርገው ሴቲንግ ከፍቶ ያገኘውን ስላይደር ሁሉ ወደ ግራ መሳብ ነው። ምስሉ ይበላሻል፣ ፍጥነቱ ግን እዚያው ነው። የደከመው ፕሮሰሰሩ ሆኖ ሳለ የግራፊክስ ካርዱን ሸክም መቀነስ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ተገላቢጦሹም እንዲሁ። ስለዚህ አንድም ስላይደር ሳትነኩ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ሌላውን የሚያስጠብቀው ማን ነው? ፕሮሰሰሩ፣ ግራፊክሱ፣ ራሙ ወይስ ዲስኩ?

ነገሩ በደመና እንዳይቀር አንድ የተወሰነ ማሽን ልያዝ። ከቢሮ ወጥተው ባገለገሉ ኮምፒውተሮች መካከል የሚገኘው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010፣ ኮር አይ5-3470 ፕሮሰሰር ያለው። ይህ ፕሮሰሰር የ2012 ምርት ነው፤ 4 ኮር (ለየብቻ የሚሠራ የስሌት ክፍል) አለው፣ መነሻ ፍጥነቱ 3.2 ጊጋኸርዝ ሲሆን ሥራ ሲበዛበት እስከ 3.6 ይወጣል። ውስጡ ያለው ግራፊክስ ኢንቴል ኤችዲ 2500 ነው። ራሙ ዲዲአር3፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 ወይም 8 ጊጋባይት። በ2017 የወጣው ኤክስ-ፕሌን 11 በዝቅተኛ መስፈርቱ 8 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ ስለዚህ 4 ጊጋባይት ያለው ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ከራሙ ይጀምር። ለማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2020 የተቀመጠው ዝቅተኛ ፕሮሰሰር አይ5-4460 ነው፤ ይህ ማሽን ከዚያ በአንድ ትውልድ ያንሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ዴስክቶፕ ኤክስ-ፕሌን 11 የተሻለ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በአግባቡ ከተያዘ ይበርበታል።

በቁጥር ማየት

በዓይን መገመት ያታልላል። ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ አውትፑት» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ከዝርዝሩ አናት ላይ ቁጥሩ 0 የሆነ «ፍሬም ሬት» የሚል መስመር አለ፤ ኮክፒት ውስጥ እንዲታይ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት አድርጉበትና ተመለሱ። በስክሪኑ ጥግ ከሚታዩት ቁጥሮች ሦስቱ ይበቋችኋል፦ በሰከንድ ስንት ፍሬም (አንድ ሙሉ የስክሪን ምስል) በትክክል እንደተሳለ፣ ፕሮሰሰሩ ለአንድ ፍሬም የፈጀው ጊዜ፣ ግራፊክሱ ለአንድ ፍሬም የፈጀው ጊዜ። በሰከንድ 30 ፍሬም ለማግኘት አንዱ ፍሬም ከ0.033 ሰከንድ በላይ መውሰድ የለበትም። የፕሮሰሰሩ ጊዜ 0.045፣ የግራፊክሱ 0.020 ከሆነ መልሱ ተገኝቷል፤ ግራፊክስ ካርድ ብትቀይሩ ለውጥ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ፍሬሙ በሰከንድ ከ20 በታች ሲወርድ ኤክስ-ፕሌን የበረራ ስሌቱ እንዳይበላሽ ብሎ ጊዜውን ራሱን ያዘገያል። አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚንሳፈፍ፣ ማኮብኮቢያው የማያልቅ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። የእጅ ሰዓታችሁን ይዛችሁ 1 ደቂቃ ቁጠሩና የኮክፒቱን ሰዓት አስተያዩ፤ የኮክፒቱ 45 ሰከንድ ብቻ ከሄደ ችግሩ ከጆይስቲኩም ከአውሮፕላኑም አይደለም። በዚህ ሁኔታ ማረፍ መለማመድም እጅን የተሳሳተ ጊዜ ማስለመድ ነው። ስለዚህ 20 ወለል ነው፣ 30 ደግሞ ግብ። 45 እየደረሰ ድንገት 18 ላይ ከሚወድቅ 30 ላይ ረግቶ የሚቆይ በእጅጉ ይሻላል።

የሙከራው ሁኔታ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። ትንሿ አውሮፕላን ሴስና 172፣ ቦሌ ማኮብኮቢያ ላይ፣ ሰዓቱ እኩለ ቀን፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ እይታው ከኮክፒት ወደ ፊት። ከተጫነ በኋላ 1 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከጀርባ ገና የሚጭነው ነገር አለ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ይህንኑ ላሊበላ ላይ ድገሙት። ቦሌ ዙሪያ ከተማ ነው፣ ሲሙሌተሩ በሺህ የሚቆጠር ቤት ይሠራል፤ ላሊበላ ግን አብዛኛው ገላጣ መሬት ነው። ላሊበላ ላይ ደህና ሆኖ ቦሌ ላይ ከወደቀ ሸክሙ የቁሶች ብዛት ነው፣ ያም በዋናነት የፕሮሰሰር ሥራ ነው። ሁለቱም ቦታ እኩል ከተንቀራፈፈ ወደ ግራፊክሱ አዘንብሉ።

ሌላው ማረጋገጫ የመስኮቱን መጠን ማሳነስ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ነጥብ አለው፤ 1280 በ720 ሲሆን 921,600 ብቻ፣ ማለትም ከግማሽ በታች። መስኮቱን አሳንሳችሁ ፍሬሙ ሽቅብ ከዘለለ የደከመው ግራፊክሱ ነው። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ፕሮሰሰሩ ነው።

የኮምፒውተሩን የሥራ ጫና የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር አይቶ «ፕሮሰሰሩ 30 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሥራ ፈት ነው» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። ሲሙሌተሩ የዋናውን ሥራ አብዛኛውን ክፍል የሚያሠራው በአንድ ኮር ነው። 4 ኮር ባለው ማሽን አንዱ ኮር ሙሉ በሙሉ ተወጥሮ ሌሎቹ ቢያርፉ ታስክ ማናጀር የሚያሳየው 25 በመቶ ነው። ግራፉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ እያንዳንዱ ኮር ለየብቻው እንዲታይ አድርጉ፤ ነገሩ ያኔ ይገለጣል።

ፕሮሰሰሩ ሲሆን

ከሁሉ በፊት «ሪፍሌክሽን ዲቴይል» የሚለውን ስላይደር ወደ ዝቅተኛው አውርዱት። ነጸብራቅ ለመሥራት ሲሙሌተሩ በዙሪያችሁ ያለውን ዓለም ደግሞ ደጋግሞ ይስላል፤ በዚህ ደረጃ ባለ ማሽን ላይ የሚሰጠው ውበት ከሚወስደው ጉልበት ጋር ጨርሶ አይመጣጠንም። ቀጥሎ የመሬቱን ጥላ የሚያበራውን ሳጥን አጥፉ፤ የቆሙ አውሮፕላኖች የሚለውንም እንዲሁ። «የዓለም ቁሶች ብዛት» የሚለውን ስላይደር ግን በአንዴ ዜሮ አታድርጉት። አንድ ደረጃ አውርዱ፣ ዓለሙ እንደገና እስኪጫን ጠብቁ፣ ቁጥሩን ጻፉ። ከዝቅተኛው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ የሚቆም ከሆነ እዚያው ተዉት፤ ቤትና ዛፍ የሌለበት መሬት ላይ ዝቅ ብሎ ሲበሩ ከፍታን በዓይን መመዘን ይከብዳል።

ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ በረራ ስትመርጡ ከሚወጣው ገጽ ላይ አለ፦ በራሳቸው የሚበሩ ሌሎች አውሮፕላኖች። ኤክስ-ፕሌን ለእያንዳንዳቸው የእናንተን አውሮፕላን ያህል የበረራ ስሌት ያካሂዳል። 5 ተጨማሪ አውሮፕላን ማለት የ6 አውሮፕላን ፊዚክስ ማለት ነው። ሁሉንም አስወግዱ። ይህ ምስሉን ምንም ሳይነካ ፍሬም የሚመልስ ስለሆነ ከስላይደሮቹም በፊት ቢሞከር አይከፋም። የእይታ ስፋቱንም ተመልከቱ፤ ያለ ልክ የሰፋ እይታ ስክሪን ውስጥ የሚገባውን ቤትና ዛፍ ሁሉ ያበዛል።

ቀጥሎ ፕለጊን፣ ማለትም ሲሙሌተሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም። «ሪሶርስስ» ፎልደር ውስጥ «ፕለጊንስ» የሚል አለ። ራሳችሁ የጨመራችኋቸውን ፎልደሮች ብቻ ወደ ዴስክቶፕ አውጡና ሞክሩ፤ ከሲሙሌተሩ ጋር የመጡትን አትንኩ። ፍሬሙ ከተመለሰ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ጥፋተኛውን ያዙት። «ከስተም ሲነሪ» ውስጥ ያሉ ትልልቅ የአየር ማረፊያ ጭማሪዎችም በዚሁ መንገድ ይፈተሻሉ። ዋናው ፎልደር ውስጥ ያለውን የሎግ ፋይል በኖትፓድ ብትከፍቱ የትኛው ፕለጊን እንደተጫነ፣ የትኛው ግራፊክስ ሥራ ላይ እንዳለ ይነግራችኋል። ምንም ምክንያት ሳይገኝ የከረመ ችግር ሲሆን «አውትፑት» ውስጥ ያለውን «ፕሪፈረንስስ» ፎልደር ስሙን ቀይሩት፤ ሲሙሌተሩ ሲከፈት ንጹሕ ሴቲንግ ይሠራል። የጆይስቲክ አሰላለፋችሁም አብሮ ስለሚሄድ አሮጌውን አትሰርዙት።

ዊንዶውስ 10 ላይ የኃይል አጠቃቀሙን ከ«ባላንስድ» ወደ «ሃይ ፐርፎርማንስ» ለውጡ፣ ጌም ባር ከጀርባ የሚቀዳውን ቪዲዮ አጥፉ፣ ብሮውዘሩን ዝጉ። ትልቅ ለውጥ አይጠበቅም፤ ነጻ ስለሆነ ግን ይደረግ።

ሙቀት

ለብቻው ያወጣሁት ሴቲንግ ስለማይፈታው ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ደህና፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ዘግታችሁ ወዲያው ብትከፍቱት አይመለስም፣ ለግማሽ ሰዓት አጥፍታችሁት ብትመለሱ ግን ይድናል። ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የፕሮሰሰሩን ሙቀትና የእያንዳንዱን ኮር ፍጥነት አብራችሁ ተመልከቱ። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ተጠግቶ ፍጥነቱ ከ3.2 ጊጋኸርዝ በታች ከወረደ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን እየቀነሰ ነው።

አዲስ አበባና መሰል ደጋ ከተሞች ላይ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ከ2,300 ሜትር በላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል ወደ 20 በመቶ ያነሰ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ሙቀት ይዞ የሚወጣው አየር ያነሰ ነው። የአየሩ ቅዝቃዜ ከፊሉን ያካክሳል፤ አቧራ የዘጋው የሙቀት ማስወጫ ግን በቆላ ካለው ቀድሞ ይቸገራል።

አጽዱት። ከሶኬት ንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ተጫኑ፣ ኬዙን ክፈቱ። አየር ስትነፉበት ፋኑን በጣት ያዙት፤ ዝም ብሎ ሲሽከረከር ኩሽኔታው ሊጎዳ ይችላል። ከፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ብረት የያዙትን ብሎኖች በሰያፍ እያፈራረቃችሁ ፍቱ። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ቴርማል ፔስት፣ ዕድሜው 10 ዓመት ካለፈ ብዙውን ጊዜ ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል፤ ጥራቱ 90 በመቶና በላይ በሆነ አልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ ሁለቱንም ገጽ ጥረጉ። አዲሱ ፔስት መሃል ላይ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። በዛ ብሎ በጎን የሚፈስ ፔስት አይጠቅምም፤ ያነሰ ደግሞ ጥጉን ሳይሸፍን ይቀራል። ስትመልሱም ብሎኖቹን በሰያፍ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ።

ግራፊክሱ ሲሆን

ተጨማሪ ካርድ ካላችሁ መጀመሪያ ወንበራችሁን ገፋ አድርጋችሁ የኬዙን ጀርባ ተመልከቱ። የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው የት ነው? ማዘርቦርዱ ላይ ባለው መውጫ ከሆነ ስክሪኑን የሚመግበው ኤችዲ 2500 ሊሆን ይችላል፤ ካርዱ ተቀምጦ ያያል። የሎግ ፋይሉ የኢንቴልን ስም ከጻፈ ጉዳዩ ይኸው ነው። ገመዱን ወደ ካርዱ አዛውሩ።

ከዚያ ጸረ-መሰላል የሚባለው፣ ማለትም ጠርዞችን የሚያለሰልሰው «አንቲኤልያሲንግ»። የእይታ ውጤቶች ስላይደር «ኤችዲአር» (ብርሃንን በዝርዝር የሚያሰላ) የሚል ደረጃ ላይ ሲሆን 4 እጥፍ የሚለው ምርጫ በእርግጥም 4 እጥፍ ነጥብ ያስላል። ቀላሉ «ኤፍኤክስኤኤ» ላይ አድርጉት። የእይታ ውጤቶችን ራሱንም ከኤችዲአር በታች ወደሚለው ደረጃ አውርዱ፤ ከግራፊክስ ሸክም አንድ ነጠላ ለውጥ ምረጡ ብባል ይህን እመርጣለሁ። የሌሊት መብራቱ ውበት ይቀንሳል፣ የቀን በረራ ግን ብዙ አይጎዳም።

ደመና የግራፊክስ በላ ነው። ጥርት ባለ ሰማይ 35 ፍሬም የሚሰጥ ማሽን ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ሲሸፈን ግማሹን ሊያጣ ይችላል፤ ደመናው የሚሠራው ስክሪኑን ደጋግመው በሚሸፍኑ ብዙ ግልጽ ምስሎች ስለሆነ ነው። ሦስቱንም የደመና ንብርብር ከመጠቀም አንዱን ብቻ አስቀምጡ።

የምስል ጥራት ወይም «ቴክስቸር» ስላይደሩ ባሕሪው ይለያል። ፍጥነትን ደረጃ በደረጃ አይቀንስም፤ የካርዱ ማህደረ ትውስታ እስኪሞላ ምንም አይታይም፣ ሲሞላ ግን ራስን ወደ ጎን ባዞራችሁ ቁጥር ምስሉ ድርቅ እያለ ይቀጥላል። በ2020 በወጣው የኤክስ-ፕሌን 11.50 እትም ውስጥ የገባው ቩልካን፣ ማለትም ሲሙሌተሩ ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበት አዲስ መንገድ፣ ማህደረ ትውስታውን ራሱ ስለሚያስተዳድር በመድረቅ ፈንታ ምስሉ ብዥ ይላል። መሬቱ ወይም የኮክፒቱ ጽሑፍ ብዥ ካለ ስላይደሩን አንድ ደረጃ አውርዱ። ቩልካንን የሚቀበል ካርድ ካላችሁ አብሩት፤ ዋናው ጥቅሙ ፕሮሰሰሩ ለግራፊክሱ ትእዛዝ በማዘጋጀት የሚያጠፋውን ጊዜ መቀነሱ ስለሆነ ደካማ ፕሮሰሰር ላለው ማሽን ነው ይበልጥ የሚረዳው። ኤችዲ 2500 ዊንዶውስ ላይ ቩልካን የለውም። የዚህን ግራፊክስ ሥራ ታስክ ማናጀር ውስጥ ብትፈልጉም አታገኙትም፣ ድራይቨሩ አሮጌ ስለሆነ አይታይም፤ የግራፊክስ ካርድን መረጃ የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ የተባለ ፕሮግራም ተጠቀሙ።

ራምና ዲስክ

ኤችዲ 2500 የራሱ ማህደረ ትውስታ የለውም፤ ከራሙ ይበደራል። ዲዲአር3 1600 አንድ ቁራጭ ብቻ ሲሆን በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለት እኩል ቁራጮች በየቻናላቸው ሲገቡ 25.6። ስለዚህ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ከማስገባት ሁለት ባለ 4 ይሻላል፤ በውስጥ ግራፊክስ ለሚበር ሰው ልዩነቱ በዓይን ይታያል። በማዘርቦርዱ ላይ ተመሳሳይ ምልክት ያለባቸውን የመጀመሪያ ሁለት መሰኪያዎች ተጠቀሙ።

ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ፍሬም አይጨምርም። ይህን ደጋግሞ መናገር የሚያስፈልገው ብዙ ሰው በዚህ ተስፋ ስለሚገዛው ነው። የሚያስወግደው የመጫኛውን ረጅም ጥበቃና በረራ መሃል የሚመጣውን መንገጫገጭ ነው። ኤክስ-ፕሌን ዓለምን በ1 ዲግሪ በ1 ዲግሪ ቁራጭ ከፍሎ ይጭናል። ከቦሌ ወደ ላሊበላ ስትበሩ 9ኛውን፣ 10ኛውንና 11ኛውን የኬክሮስ መስመር ታቋርጣላችሁ፤ ሴስና 172 አንዱን ቁራጭ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። መንገጫገጩ በዚህ ልክ እየተራራቀ የሚመጣ ከሆነ ዲስኩ ነው። በየሁለት ሰከንዱ ከሆነ ግን ራም ሞልቶ ወይም ፕለጊን አስቸግሮ ነው። የሲሙሌተሩን ፎልደር ከዊንዶውስ ዲፌንደር ፍተሻ ውጭ ማድረግም የመጫኛ ጊዜውን ያሳጥራል።

ገንዘብ ማውጣት ካለ

አይ5-3470ን በአይ7-3770 መቀየር ያጓጓል፤ ማዘርቦርዱም ይቀበለዋል። ነገር ግን የአንድ ኮር ከፍተኛ ፍጥነቱ ከ3.6 ወደ 3.9 ነው የሚወጣው፣ 8 በመቶ ያህል። 25 ፍሬም 27 ይሆናል። አልመክረውም።

በቅደም ተከተል፣ ራሙን ሁለት ቁራጭ አድርጎ 8 ወይም 16 ማድረስ፣ ከዚያ ካርድ፣ ከዚያ ኤስኤስዲ። ካርድ ሲመረጥ የኬዙ መጠን ይወስናል። ቀጭኑ ኬዝ አጭር ካርድ ብቻ ይቀበላል፤ ፓወር ሰፕላዩም ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ከመሰኪያው ብቻ 75 ዋት እየወሰደ የሚሠራ አጭር ዓይነት አለው፤ ሆኖም በአንዳንድ ቀጫጭን ኬዞች መሰኪያው ይህን ያህል ኃይል ላይሰጥ ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት የማሽኑን ማንዋል ተመልከቱ። ጂቲ 1030 ወደ 30 ዋት ነው የሚፈልገው፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። ጂዲዲአር5 የተባለ ማህደረ ትውስታ ያለው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፋል፣ ዲዲአር4 ያለው 16.8 ብቻ። ስማቸው አንድ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ሳታነቡ አትክፈሉ።

ያገለገለ 1050 ቲአይ ሲገዛ ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ አሰክታችሁ ጂፒዩ-ዚ ክፈቱ። በገበያው ላይ የድሮ 550 ቲአይን የመሰሉ ካርዶች ስማቸው በሶፍትዌር ተቀይሮ ይሸጣሉ፤ ፕሮግራሙ ሲያውቃቸው ስሙ ፊት «ሐሰተኛ» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ትክክለኛው 768 ኮር፣ 4 ጊጋባይት ጂዲዲአር5 እና 128 ቢት ያሳያል። ሰማያዊው የቪጂኤ መሰኪያ ካለው ደግሞ ተጠራጠሩ፤ የዚህ ትውልድ ቺፕ የአናሎግ ምስል አያወጣም። በዚሁ ምክንያት ሞኒተራችሁ ቪጂኤ ብቻ ከሆነ ከካርዱ ጋር ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር፣ ውስጡ ቺፕ ያለበት አዳፕተር አብራችሁ ግዙ። ቺፕ የሌለው ተራ ገመድ ምስል አይሰጥም።